ወርቁ እምቢ ያለው ካናቴራ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ካናቴራ ስተኩስ ካውያው ደረቱ ላይ ባለው የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ላይ አረፈ። ጽሑፉ ተጨማተረ፤ የጋለ ሙጫ ሽታ ወጣ። ልጄ «እማዬ፣ አቃጠልሽው!» ብላ ጮኸች። እኔ ካውያውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ። አራተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት፣ ከገና እስከ ጥምቀት፣ ልብሴም መጽሐፌም ያን ይሸት ነበር።

ያን ዓመት ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። ወላጆቼ ከገሳይ ወጣ ብላ ባለች መንደር ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። የመንደራችን ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ወይ ከተማ ነው፣ ወይ ከብት ነው።

አክስቴ ዝናሽ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እኔ እታለም እላታለሁ። አራት ዓመት አረብ አገር ኖራ በዚያ ክረምት ተመለሰች። ዘመድ ሁሉ ወርቅ ይዛ ትመጣለች ብሎ ሲጠብቅ አንድ ከባድ ብረትና ጥቅል ጥቅል ፕላስቲክ ይዛ መጣች። ብረቱ እንደ ሣጥን ይከፈታል፣ ይከደናል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰኩት ይግላል። ጥቅሉ ፎይል ይባላል፤ ባንድ ወገኑ ወርቅ ነው። በክፍሌ ላሉ ልጆች «አክስቴ ወርቅ በክንድ እየለካች በመቀስ ትቆርጣለች» ብዬ አወራሁ። ለዚህ እስካሁን ንስሐ አልገባሁም፤ ያን ጊዜ እውነት ነበርና።

አባቴ መስከረም ላይ ሊያደርሰኝ ሲመጣ ወደ ውስጥ አልገባም። እታለም ከቤቷ ፊት በከፈተችው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ብረቱን ከሩቅ ተመለከተው።

«ዝናሽ፣ እስከ ጥምቀት እንይ» አላት። «ይሄ ነገር እንጀራ ከሆነሽ ልጅቱም ትማር። ካልሆነሽ አንቺም ወደ መጣሽበት ትመለሻለሽ፣ እሷንም እወስዳለሁ። የምትጠብቀው ከብት አላጣሁም።»

«እናያለን፣ ወንድምጋሼ» አለች።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን በሒሳብ ማካፈል ጀምሬ ነበር። አንድ ቁጥር ለሌላው ሲካፈል ትርፍራፊ እንደሚቀር ገና መስማቴ ነው፤ ትርፍራፊውን ምን እንደሚያደርጉት ሳላውቅ ወደ ከብት መመለስ አልፈለግሁም።

ሥራው እንዲህ ነበር። በእንጨት ማዕቀፍ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ስስ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ጽሑፉ ባለበት ብቻ ክፍት ነው፣ ሌላው ተደፍኗል። እታለም ነጭ ካናቴራ ከሥር ትዘረጋለች። እንደ አጓት ያለ ሙጫ አፍስሳ በጎማ መጥረጊያ አንዴ ትስበዋለች። ማዕቀፉ ሲነሣ ካናቴራው ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ሙጫውም ነጭ፣ ጨርቁም ነጭ። ገመድ ላይ ሰቅላ ታደርቀዋለች። ከደረቀ በኋላ ወርቁን ፎይል ታለብሰውና የጋለውን ብረት ትከድንበታለች። አውጥታ ታቀዘቅዘዋለች። በመጨረሻ ፕላስቲኩን ስትልጠው፣ ወርቁ ሙጫ ባለበት ብቻ ይቀራል።

ሰዓት አልነበራትም። ብረቱን ስትከድን አቡነ ዘበሰማያት ትጀምራለች፣ ስትጨርስ ትከፍታለች። ካናቴራው እስኪበርድ እመቤቴ ማርያም ሆይ ትደግማለች፣ ከዚያ ትልጣለች። ከቸኮለች ወርቁ ከፕላስቲኩ ጋር ይነሣል። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ትሠራለች፤ ያን ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ሁለቴ ነው። ስለዚህ ወርቁን የሚያጣብቀው ጸሎቱ መሰለኝ። የከሰል ካውያ ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ኃጢአት ያለበት መሰለኝ። ያልገባኝ ሙጫው ለምን እንደሚያስፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«እታለም፣ እዚያም እየጸለይሽ ነበር የምትሠሪው?»

«በልቤ።»

«ለምን በልብሽ?»

«ጆሮ ስለነበረ።»

እዚያ መጀመሪያ የሰው ቤት ሠርታለች፤ ኋላ ነው ካናቴራ የሚታተምበት ቤት የገባችው። ከዚህ በላይ አትነግረኝም። እኔም ስለ አረብ አገር የማውቀው ጸሎት በልብ የሚባልበት አገር መሆኑን ብቻ ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች ሥራዋን ለማየት ይመጡ ነበር። አንዷ ነጠላዋን ይዛ መጥታ «ጥለቱን በወርቅ አድርጊልኝ» አለቻት።

«ሲታጠብ ይለቃል፣ እቴ።»

«አላጥበዋ!»

«እንግዲያ ይሸታል።»

ሴትዮዋ ተቆጥታ ወጣች። ማታውን በሰፈር «አረብ አገር የሄደች ምላሷን አስልታ ትመጣለች» መባሉን ሰማን። እታለም ሳቀችና ብረቱን ወለወለች።

ታኅሣሥ ላይ አንድ የኳስ ቡድን አሳተመ፤ ወርቁ አምሮ ያዘ። ገና እንዳለፈ የደብራችን ወጣቶች መጡ፤ በጥምቀት ታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ናቸው። ይዘዋቸው የመጡት ጋሽ አዳሙ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ወጣቶቹ ያለ እሳቸው ምክር ምንም አያደርጉም። በካናቴራው ጀርባ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር «ድንግል ማርያም» እንዲጻፍ አዘዙ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ፤ በሰዓቱ ይድረስ» አሏት።

«ለጥምቀት ያልሆነ ፎይልም ይበጣጠስ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ወጣቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ይህ ሥራ ከተሳካ አባቴ የሚለው እንደማይኖረው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ በቀጥታ ወደ ገመዱ ነው። የእኔ ሥራ ሙጫው መድረቁን በጣቴ ነካ ነካ አድርጎ ማየት፣ የደረቀውን ማውረድ፣ ፎይሉን በመዳፌ አስተካክሎ ማልበስ ነበር።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው እናቴ እስከ ጥምቀት ልትሰነብት ከገሳይ መጣች፤ ትንሽ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛለች። እናቴ ነገር አታበዛም። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ራስሽ ድርቆሽ መስሏል» አለች። ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ለጋውን ቅቤ አናቴ ላይ ደፋችው። ልጇን ለጥምቀት በደረቅ ራስ የምታወጣ እናት በእኛ አገር የለችም።

የጥር ማለዳ ደብረ ታቦር ላይ ውርጭ ነው። ቅቤው ጠዋት እንደ ቆብ ደርቆ ይቀመጣል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ይቀልጣል፤ በግንባሬ፣ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። በእጄ እጠርገዋለሁ። ረቡዕ ዕለት አንዱ ጠብታ ከንፈሬ ጥግ ደረሰ፤ ላስሁት። ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከላስሁ በኋላ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ትዝ ያለኝ ከመላሴ በፊት ነው።

ሐሙስ እታለም የመጀመሪያውን ካናቴራ ላጠች። ማርያም ከሚለው መካከሉ ባዶ ነበር። ሁለተኛውን ላጠች፤ የመስቀሉ አንድ ክንፍ የለም። በሦስተኛው ድንግል የሚለው እንደ ተበላ ቅጠል ተበሳስቷል። ብረቱን ነካችው፤ ግሏል። ፎይሉን ገልብጣ አየችው። ካናቴራውን ብርሃን ላይ ዘርግታ ቆመች። እናቴ ጥግ ተቀምጣ ካናቴራ ታጥፍ ነበር፤ እሷም እጇን አቆመች።

«መብራቱ ደክሞ ይሆናል» አለች እታለም። ጸሎቱን ሁለቴ አድርጋ ሞከረችው። ያው ሆነ።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቄው ነበር። ረቡዕ ቅቤ የላሰች ልጅ የነካችውን ካናቴራ ጸሎት አይዘውም። ፊቴን አዙሬ ከገመዱ ሌላ ካናቴራ አወረድሁ።

ከሰዓት ጋሽ አዳሙ ሥራውን ሊያዩ መጡ። የተበላሹትን ከጥግ አንሥተው ገለጧቸው።

«ዝናሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እያየሁት ነው፣ ጋሼ።»

«የኳሱ ያዘ፣ የእመቤታችን ስም ሲሆን እምቢ አለ?»

«ምክንያቱን አገኘዋለሁ።»

«ምክንያቱንማ ሰው እየተናገረው ነው። ማተቧን በጥሳ ነው የሄደች ይላል። እዚያም ስሟ ዝናሽ አልነበረም ይላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወርቁ እጅሽን አውቆታል። ነገ ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ። አልበጠስሁም ብለሽ መሐላ ትሰጪናለሽ፤ ያለዚያ ካናቴራችንን እንወስዳለን።»

ከወጡ በኋላ እታለም የሱቁን ወለል ጠረገች። ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገችው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሱቅ አልሄድሁም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የእታለምን የንስሐ አባት ፈለግሁ። ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ወርቁ በእኔ ምክንያት እምቢ አለ።»

«የምን ወርቅ?»

ነገርኋቸው፤ ቅቤውንም፣ ረቡዕንም፣ ጋሽ አዳሙንም። ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«ስንት ጊዜ ላስሽ?»

«አንዴ።» ትኩር ብለው ሲያዩኝ «ሁለቴ» አልሁ።

«ጣፈጠሽ?»

«በጣም።»

«እንግዲያ አምስት ስግደት ስገጂ። ወርቁን ግን በእመቤታችን አታሳብቢ። እሷ ከሕፃን ጋር በቅቤ አትጣላም።»

መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን አስነክተው አሳለሙኝ። ሲመልሱት አዩትና «አይ አንቺ ልጅ፣ መስቀሌን ቀባሽው!» አሉ። ነሐሱ ላይ የግንባሬ ወዝ ቁጭ ብሏል። በቅጥሩ ውስጥ ካለው ቧንቧ ሊያጥቡት ወሰዱት፤ ተከተልኋቸው። ውሃው በሌላው ነሐስ ላይ ተዘረጋ። ቅቤው ያረፈበት ላይ ሲደርስ ግን እየሸሸ፣ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ።

ጣቶቼን አየሁ። ያብረቀርቁ ነበር።

ስግደቱን ሳልሰግድ ሮጥሁ። እየሮጥሁ አሰብሁ። ከተናገርሁ ሥራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሥራ ያበላሸች ልጅ ወደ ገሳይ ትሄዳለች። ዝም ካልሁ እታለም ትሄዳለች፤ እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ። እንዴትም ባካፍለው ገሳይ ይደርሰኛል። እንግዲያ ተናግሬ ልሂድ አልሁ።

ሱቁ ስደርስ ጋሽ አዳሙ ከሦስት ወጣቶች ጋር መካከል ላይ ቆመዋል። እናቴ ጥግ ላይ ናት። እታለም ብረቱን ተደግፋለች።

«ብዙ አልጠየቅንሽም» ይላሉ ጋሽ አዳሙ። «አልበጠስሁም በይና ማይልን፤ እንሄዳለን።»

«አልምልም።»

«ለምን?»

«ስለፈታሁት።»

ከወጣቶቹ አንዱ አማተበ።

«አውሮፕላን ጣቢያ ፈታሁት» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ፍቺ አሉኝ፣ ፈታሁ። እንጀራ ፈልጌ ነው፤ አልክድም። ሁለት ወር ሳይሞላ ከምተኩሰው ልብስ ጫፍ ክር መዝዤ አሰርሁ። አንገቴ ላይ አይተው ቆረጡት። ሌላ መዝዤ ወገቤ ላይ አሰርሁ። እሱን ያየ የለም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜያለሁ። የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። ለእናንተ የምሰጠው መሐላ የለኝም።»

ጋሽ አዳሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወርቁስ?»

«ቅቤዬ ነው!» ብዬ ጮህሁ ከበር ላይ። «ወርቁ እምቢ ያለው እሷን አይደለም! እኔ ነኝ በቅቤ እጄ የነካሁት! የአባም መስቀል ላይ ውሃው እምቢ ብሏል!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እታለም መጥታ እጄን ገልብጣ አየች። አሸተተችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ፊቷ ተፈታ።

«ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ምን ልታደርጊው?»

«ማተብዎ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ!» አንገታቸውን ነኩ።

«እንግዲያ አይፍሩ።»

እጃቸውን ወስዳ አናቴ ላይ አሳረፈችው፤ ከዚያ በደረቀው ሙጫ ላይ አንድ ጣታቸውን አስነካች። ፎይሉን አልብሳ ብረቱን ከደነች። አቡነ ዘበሰማያቱን ጮክ ብላ ደገመችው፤ አንዱ ወጣት ሳያስበው አብሯት ጀመረ። እመቤቴ ማርያም ሆይ ላይ ሁላችንም ነበርን። ልጣ አነሣችው። የመስቀሉ ግንድ ላይ የጋሽ አዳሙ ጣት ልክ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል።

«ጋሼ» አለ አማትቦ የነበረው ወጣት፣ «ወርቁ እርስዎንም አወቀዎት እኮ።»

ሌሎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጋሽ አዳሙ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉት፤ ይቅርታ አላሉም። «ሥራሽን ሥሪ» አሉና ወጡ።

«ነገ ከሰዓት ኑ» አለች እታለም ከኋላቸው። «ማተቤን ሊመረምር የሚፈልግ ግን አይምጣ። ካናቴራ የሚፈልግ ይምጣ።»

እናቴ «ቅቤው የኔ ነው» አለችና ተነሣች። አናቴን በሻሽ ጠፍራ አሰረችው፤ በሻሹ ላይ ፌስታል አጠለቀችልኝ። እጄን በአመድ፣ ቀጥላም በሳሙና አጠበችው። የራሷንም ክንዷ ድረስ አጠበች። እታለም የተበላሹትን በሳሙና ውሃ እያበሰች፣ አድርቃ በቀጭን ብሩሽ ወርቅ ባልያዘው ቦታ ብቻ ሙጫ ሞላች። እናቴ ብረቱን ከደነች። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ ጸሎቱን ግን ከሁላችንም አስተካክላ ታውቀዋለች። ያለ ልክ አትቸኩልም፣ ያለ ልክ አትዘገይም። እሷ ከከደነችው አንድም አልተበላሸም። የሰፈር ልጆች በበሩ እያለፉ «ፌስታል! ፌስታል!» እያሉ ጮኹብኝ። ፌስታሌን አላወለቅሁም።

ወጣቶቹ መጡ፤ አንድም አልቀረ። ለከተራ ታቦቱ ሲወጣ ምንጣፉን እያነጠፉ፣ እያነሡ፣ ወደ ፊት እየሮጡ ሲያነጥፉ ጀርባቸው ፀሐዩን ይመልሰው ነበር። ጋሽ አዳሙም ለብሰዋል፤ ከላይ ጋቢ ደርበውበታል። ጋቢው ሲንሸራተት አየነው። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያን ቀን የለመንሁትን ሁሉ ሰጥቶኛል።

አባቴ በጥምቀት ማግሥት፣ በቃና ዘገሊላ መጣ። አሁንም የሱቁ በር ላይ ቆመ። እናቴ ስንቋን እየቋጠረች ነበር። የእኔ ልብስም በሌላ ጨርቅ ታስሮ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ማን እንዳሰረው አላወቅሁም።

«ሥራው ተሳክቷል አሉ» አለ አባቴ።

«ተሳክቷል፣ ወንድምጋሼ።»

«ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። ማተቤን ፈትቻለሁ ብለሽ በሰው ፊት ተናግረሻል። ዝም ማለት አትችይም ነበር?»

«ዋሽቼ መኖር ትቻለሁ።»

«አንቺ እንዳሻሽ ኑሪ። የኔ ልጅ ግን ስሙ በክፉ የተነሣ ቤት አታድርም።» ወደ እኔ አየ። «ተነሽ፣ መኪናው ሳይሞላ።»

እታለም አፏን ከፈተች። እናቴ ቀደመቻት።

«ልጅቱ ትቀራለች» አለች።

አባቴ የተናገረችው እሷ መሆኗን ለማረጋገጥ ይመስል ዙሪያውን አየ። «ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል።»

«ከብቱንስ ማን ይጠብቀው?»

«ከብቱ ያንተ ነው። ጠብቀው።»

እናቴ የእኔን ጥቅል አነሣችና ለእታለም አስጨበጠቻት። የራሷን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ነጠላዋን አጣፋች። ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ በአባቴ አጠገብ አልፋ ወጣች፣ ቁልቁል ወደ መኪና መናኸሪያው መንገድ ጀመረች። ዞራ አላየችም።

አባቴ እኔን አየኝ። እህቱን አየ። በትሩን ከግድግዳው አነሣ።

በእኛ አገር ባል ይቀድማል፣ ሚስት ትከተላለች። እኔና እታለም በሩ ላይ ቆመን መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አየናቸው። እናቴ ከፊት ነበረች። አባቴ ከኋላ፣ ሊደርስባት እየተራመደ።